የእጅ ፍሬዛን በኮምፒዩተር ስለ መምራት
(በአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ለኅብረታችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ለሽርሽር በመጣንበት ቀን ስለ ብረትና ስለ ሽቦ መናገር የማይገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ከፊታችን የአርዲቦ ውሃ ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ከኋላችን ምሳው በመሰናዳት ላይ ነው። የሆነ ሆኖ ይህ ንግግር እዚሁ እንዲደረግ የጠየቅነው እኛው ነን፤ ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛው፥ ኅብረቱ ባለፈው ዓመት ለሥራችን ገንዘብ ስለ ሰጠን ሒሳቡን ለአባላት ማስረዳት ዕዳችን ነው። ሁለተኛው፥ ጆሮ ሰጥታችሁ እንደ ሆነ፥ ከወዲያ ዳር የሚሰማው የመስኖ ፓምፕ ድምፅ ነው። በዚያ ፓምፕ ላይ እኛ የሠራናት አንዲት ትንሽ ዕቃ ትዞራለች። ስለ እርስዋ ኋላ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ፥ ፍሬዛ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች ጥቂት እንበል። በአገራችን የብረታ ብረት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ቶርኖ፥ ፍሬዛ፥ ሞርሳ፥ ትራፓኖ፥ ኩሽኔታ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ቶርኖ ሥራውን እያዞረ ስለቱን ይዞ ያስጠጋበታል፤ ፍሬዛ ግን ስለቱን እያዞረ ሥራውን ከሥሩ ያንቀሳቅሳል። ሥራው በሞርሳ ታስሮ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለቱን የያዘው ራስ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። እነዚህን ሦስት አካሄዶች የሚነዱ ሦስት ረዣዥም ቪቴዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቪቴ ጫፍም በእጅ የሚዞር መዘውር አለ። ባለሙያው መዘውሩን እያዞረ፥ በመዘውሩ ላይ የተጻፈውን ቍጥር እያነበበ፥ ብረቱን ይቀርጻል።

የእኛ ፍሬዛ ከጠረጴዛ በላይ የምትቀመጥ፥ ለቤት ሠራተኛና ለጀማሪ የተሠራች ትንሽ መኪና ናት። በአንድ ዕቃ ቤት ጥግ አቧራ ለብሳ ነው ያገኘናት። ያደረግነው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ሦስቱን መዘውሮች አውልቀን በምትካቸው ሦስት ሞተሮች አሰርን፤ የመቍጠሩን ሥራ ከሰው ዓይን ወስደን ለኮምፒዩተር ሰጠን። ይህ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አጭር ነው፤ ለመፈጸም ግን ዘጠኝ ወር ፈጅቶብናል።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍ ይሠራ ነበር። የክንፉን ጠመዝማዛ ቅርጽ በእጅ መለካት ቢያስቸግረው፥ ነጥቦቹን በስሌት አውጥቶ መኪናው በቍጥር እንዲመራ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከአሜሪካ አየር ኀይል ጋር ውል ገባ፤ ሥራውንም ኤም አይ ቲ የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተረከበው። በ1952 እ.ኤ.አ. የተቋሙ ሰዎች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ ፍሬዛ ለሕዝብ አሳዩ። ልብ አድርጉ፤ እነርሱም ቢሆኑ መኪናውን ከባዶ አልሠሩትም፤ ሲንሲናቲ በተባለው ፋብሪካ የተሠራውን ፍሬዛ ወስደው ነው የለወጡት። ስለዚህ ያለውን መኪና መለወጥ የድኻ ዘዴ ነው የሚሉን ወንድሞች ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲሁ መሆኑን ይወቁልን።

በዚያን ጊዜ ተቈጣጣሪው በቫኪዩም ቱቦዎች የተሞላ ትልቅ ቍም ሣጥን ነበር። ዛሬ ግን የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው አርዱይኖ የሚባል ሰሌዳ ያንን ሥራ ይሠራል። አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ አገር በኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች መማሪያ ተብሎ የተጀመረ ነው። በላዩ የሚጫነውን ጂአርቢኤል የተባለውን ፕሮግራም በ2009 እ.ኤ.አ. ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ ጽፎ ለሁሉም በነጻ ሰጠው። እኛም ለፕሮግራሙ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። የኅብረቱ ገንዘብ የወጣው ለሞተሮቹ፥ ለድራይቨሮቹ፥ ለኀይል ሰጪው ሣጥንና ለሽቦ ነው፤ ዝርዝሩም በገንዘብ ያዡ እጅ ይገኛል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ አትፍሩ፥ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የተጠቀምንበት ስቴፐር ሞተር እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይዞርም፤ በእርምጃ ይዞራል። አንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ስለ ሆነ 200 እርምጃ አንድ ሙሉ ዙር ይሆናል። ድራይቨሩ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ በስምንት ይከፍለዋል፤ ስለዚህ አንድ ዙር 1600 ትንንሽ እርምጃ ነው። የእኛ ቪቴ በአንድ ዙር ጠረጴዛውን 2 ሚሊ ሜትር ይገፋል። 1600 ለ2 ሲካፈል 800 ነው፤ ይኸውም አንድ ሚሊ ሜትር ለመሄድ 800 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሰሌዳው በሰከንድ እስከ 30000 ምት ያህል መስጠት ስለሚችል ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። «ጂ 1 ኤክስ 20 ኤፍ 160» ብለን ስንጽፍለት፥ ኤክስ በተባለው አቅጣጫ 20 ወደሚለው ነጥብ በደቂቃ 160 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ሂድ ማለታችን ነው፤ እርሱም ምቱን ቈጥሮ ይሄዳል።

160 ያልነውም በዘፈቀደ አይደለም። ስለታችን ሁለት ጥርስ ያለው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በደቂቃ 2000 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ዙር ከአሉሚኒየሙ 0.04 ሚሊ ሜትር እንዲቀርፍ ፈለግን። ሦስቱን ቍጥሮች ብናባዛ 160 ይሆናል።

በወረቀት ላይ ስናየው አንዱ ትንሽ እርምጃ ከአንድ ሚሊ ሜትር 800 እጅ አንዱ እጅ ነው። ይህንን ባሰላን ቀን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የመጀመሪያውን ክብ ስንቀርጽ ግን ክቡ ክብ አልሆነም፤ በአራት ቦታ ተጎድቦ እንደ ተቀጠቀጠ የጠላ ጣሳ ሆነ። ፕሮግራሙን ሦስት ሌሊት መረመርን፤ ስሕተት አጣን። በመጨረሻ በከተማው ውስጥ ብዙ ዘመን በቶርኖ የሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ወደ ኮምፒዩተሩ አልተመለከቱም። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ ነቀነቁት፤ ከዚያም «ልጆቼ፤ ቪቴው ሳይዞር ይህ ለምን ይሄዳል?» አሉን።

ነገሩ ይኸውና። በቪቴውና በዳዶው መካከል ክፍተት ነበረ። ገበሬ ጥማዱን ሲያዞር በሬዎቹ ቢራመዱም ምራኑ እስኪወጠር ድረስ ሞፈሩ እንደማይነቃነቅ፥ የእኛም ቪቴ አቅጣጫ በለወጠ ቍጥር ጠረጴዛው ሳይነቃነቅ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል በከንቱ ይዞር ነበር። ኮምፒዩተሩ ያንን ከንቱ ዙር እንደ ጕዞ ይቈጥረዋል። በእጅ የሚሠራ ሰው ግን ይህንን ክፍተት በጣቱ ስለሚያውቀው፥ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ እየተጠጋ ያመልጠዋል። እኛ እጁን ከመኪናው ላይ ስናነሣ በእጁ ውስጥ የነበረውንም ዕውቀት አብረን ማንሣታችንን አላስተዋልንም ነበር።

መፍትሔውንም የነገሩን እርሳቸው ናቸው። በአንድ ቪቴ ላይ ሁለት የነሐስ ዳዶ አደረግን፤ በመካከላቸው ጠንካራ ሞላ አስገባን። ሞላው ሁለቱን ዳዶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚገፋቸው ክፍተቱ ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ ይቀመጣል። ሊኑክስ ሲኤንሲን የመሰሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ክፍተቱን በስሌት ያካክሳሉ፤ ነገር ግን ስለቱ ራሱ ሥራውን ወደ ፊት ሲጎትተው ስሌቱ ብቻውን አይበቃም። በብረት ያለ ጉድለት በብረት ቢጠገን ይሻላል።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከመብራት መጥፋት ነው። የፓምፑን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንቀርጽ መብራት ጠፋ። ስለቱ ቆመ፤ ሞተሮቹም ኀይል አጡ። ላፕቶፑ ግን የራሱ ባትሪ አለው፤ ሰሌዳውም ኀይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መቍጠራቸውን ቀጠሉ! ዓይኑ የተሸፈነ ሰው 800 እርምጃ ሂድ ተብሎ፥ ተደናቅፎ ቢወድቅ እንኳ ተኝቶ እየቈጠረ «ደረስሁ» እንደሚል መሆኑ ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ። ሞተሮቹ ነቁ፤ ስለቱን የሚያዞረው ሞተር ግን የራሱ መጠበቂያ ስላለው ሰው ካልነካው አይነሣም። እንግዲህ ጠረጴዛው የቆመ ስለት ላይ ሄዶ ተላተመ። ስለቱ ተሰበረ፤ አሉሚኒየሙም ተበላሸ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመው እንኳ አልቀረልንም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አድርገናል። አንደኛ፥ መብራት አንድ ጊዜ ከጠፋ ሰው መጥቶ ቍልፉን እስኪጫን ድረስ ሞተሮቹን የማያስነሣ፥ ለሰሌዳውም «ቁም» የሚል ምልክት የሚሰጥ ሪሌ አገባን። ሁለተኛ፥ በሦስቱም አቅጣጫ ጫፍ ሊሚት ስዊች አኖርን። አሁን መኪናዋ ሥራ ከመጀመርዋ በፊት ወደ ጫፍ ሄዳ ስዊቹን ትነካለች፤ ያንን ዜሮ ብላ ከዚያ ትቈጥራለች። ብትጠፋም ተመልሳ የምታገኘው ቦታ አላት።

ይህንን የዜሮ ነገር ስናስብ ከዚህ ብዙ የማይርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትዝ ይለናል። በ13ኛው ምእተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፥ መጻሕፍትም የተሰበሰቡበት ስፍራ ነው። ብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የገጹን ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከውጉ ወደ ውጉ መስመር ያሰምራል፤ ፊደሉን የሚጥለው ከዚያ በኋላ ነው። መስመሩ ከተዛባ የእጁ ጽሕፈት ቢያምርም ገጹ ተበላሽቷል። የእኛም መኪና ሕግ ይኸው ነው፤ መነሻዋ ካልታወቀ ትክክለኛ ቍጥርዋ ሁሉ ስሕተት ነው።

ሌላም ጥፋት አለብን፤ አንደብቅም። ከመካከላችን አንዱ ኀይል ሳያጠፋ የሞተሩን ሽቦ ከድራይቨሩ ነቀለ፤ ድራይቨሩ ወዲያው ተቃጠለ። በሒሳቡ ላይ አራት ድራይቨር ተገዝቶ ሦስት ብቻ በሥራ ላይ የሚታየው ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የአንድ ሰው ቢሆንም በበሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ያልጻፍነው ሁላችን ስለ ሆንን ዕዳው የሁላችን ነው።

መኪናዋ የማትችለውንም እንናገር። ኮምፒዩተር ብረት አያወፍርም። ቀጭኑ አካልዋ ብረት ለብረት ስትገጥም ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ አሉሚኒየም፥ ነሐስና ፕላስቲክ ደኅና አድርጋ ትቀርጻለች፤ ጠንካራ ብረት ግን በጥቂት በጥቂቱ ካልሆነ አትደፍርም። በፋብሪካ ያለውን ትልቅ መኪና ትተካለች የሚል ሰው ካለ እኛ አላልንም።

አሁን ወደ ፓምፑ። በዚህ ዳርቻ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት የሞተሩንና የፓምፑን ዘንግ የሚያገናኘው መጋጠሚያ ተሰብሮባቸው ነበር። መጋጠሚያው ሦስት ሦስት ጥርስ ያላቸው ሁለት ቍራጮች ናቸው፤ በጥርሶቹ መካከል ጎማ ይገባል። የተሰበረው አንዱ ቍራጭ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ዓይነት ፓምፕ ለብቻው የሚሸጥ አልተገኘም። የሽንኩርት ችግኝ ደግሞ ውሃ እስኪመጣ ታግሦ አይጠብቅም። ይህን ሁሉ ውሃ ፊት ለፊት እያዩ ማሳ ሲደርቅ ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እናንተው ገምቱ። እኛም መለዋወጫ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ በእውነት የገባን በዚያን ቀን ነው።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ጊዜ ያዳናቸው የእኛ መኪና አይደለችም። የእኛ ዕቃ በመብራቱ ምክንያት ስትበላሽ፥ ያው አዛውንት ባለሙያ ግማሽ ቀን ደክመው አንድ መጋጠሚያ በእጃቸው ሠርተው ሰጧቸው። እኛ ግን ልኩን ወስደን፥ ቅርጹን በኮምፒዩተር ሥለን፥ መኪናዋን አስተካክለን፥ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሠራን። መካከለኛውን ቀዳዳ በቶርኖ የከፈቱልን እርሳቸው ናቸው፤ ጥርሶቹን የቀረጸችው መኪናዋ ናት። ሁለተኛውን ለመቅረጽ ግን 40 ደቂቃ በቃን፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ዛሬ ከወዲያ የሚዞረው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሦስት ሳምንት ከግማሽ ቀን ጋር ሲነጻጸር ያሳፍራል፤ 40 ደቂቃው ግን ተስፋ ይሰጣል። ልኩ በወረቀትና በፕሮግራም ስለ ተቀመጠ፥ እኛ ተመርቀን ብንሄድም የሚቀጥለው ተማሪ መልሶ ሊሠራው ይችላል።

በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ሦስት ተቃውሞ ተነሥቶብናል፤ ባጭሩ እንመልስ።

የመጀመሪያው «አዲስ መኪና እስኪገዛ ለምን አትጠብቁም?» የሚል ነው። አዲስ መኪና ቢመጣ እልል ብለን እንቀበለዋለን። ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚመጣን ነገር ቍጭ ብሎ መጠበቅ፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በዚህ አካባቢ የነበሩ ስንት ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች መሣሪያቸውን እንዳጡ ሁላችን እናውቃለን። መኪና ይጠፋል፥ ይሰበራል፤ መኪናን ፈትቶ የገጠመ ሰው ዕውቀት ግን ከእርሱ ጋር ይቀራል። ደግሞም የተገዛውን መኪና ሣጥን የሚከፍት ሰው ከሌለ፥ መኪናው በተበላሸ ቀን ሌላ አቧራ የለበሰ ዕቃ በዕቃ ቤት ማግኘታችን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው፤ «የእጅ ባለሙያውን እንጀራ ትነጥቁታላችሁ» የሚል ነው። ይህንን ቀላል አድርገን አንመልሰውም። ከላይ እንደ ሰማችሁት፥ ባለሙያው ባይኖሩ መኪናችን ዛሬም ክብ መቅረጽ አትችልም ነበር። ስለዚህ እኛ የምንለው፥ መኪናዋን መምራት በመጀመሪያ ለእጅ ባለሙያዎች ይሰጥ ነው። ብረት የሚያውቅ ሰው ጂ ኮድን በጥቂት ሳምንት ይማራል፤ ጂ ኮድ የሚያውቅ ሰው ግን ብረትን ለመማር ዓመታት ያስፈልገዋል። አዛውንቱን በሚቀጥለው ወር መጥተው እንዲማሩ ጠይቀናቸው ነበር፤ «እናንተም ቶርኖ ተማሩ፥ እኔም ይህን ልማር» ብለው መልሰውልናል። ውላችን ይኸው ነው።

ሦስተኛው «ይህ ኩረጃ እንጂ ፈጠራ አይደለም» ይላል። ለዚህ መልሱ መቅደላ ላይ ተኝቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ያን ሁሉ ገደልና አቀበት አልፎ እዚሁ ወሎ ውስጥ መቅደላ ላይ ወጣ፤ እስከ ዛሬም በዚያ አለ። ሠሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎችና አብረዋቸው የደከሙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብረቱ ቀረ፤ ሙያው ግን ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀጠለም። ጉዳታችን መኰረጃችን አልነበረም፤ የኰረጅነውን ለሚቀጥለው ሰው አለማስተማራችን ነው።

ስለዚህ ከኅብረቱ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም፤ ቢያንስ ዛሬ አይደለም። የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሠራነውንና ያበላሸነውን ሁሉ በአማርኛ የጻፍንበት ደብተር በማባዣ መኪና ተባዝቶ ለአባላት ይታደል። ሁለተኛ፥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወርክሾፑ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፥ ይልቁንም ለሴቶች እኅቶቻችን፥ ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፥ ከእናንተ መካከል በሄደበት መንደር አንድ የተሰበረ ዕቃ ያየ ሰው ልኩን ወስዶ ያምጣልን። መሥራት ብንችል እንሠራለን፤ ባንችል አንችልም ብለን እንናገራለን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ የተኛ ነው፤ ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ቍልቍል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ከአገሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ኵሬ ነው። ከእርሱ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ከሌለ ከፍ ብሎ መቀመጡ ለማንም አይጠቅምም። ከወዲያ ማዶ የሚሰማው ፓምፕ ትንሽ ነገር ነው፤ እኛም ትንሽ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በእጃችን የሠራነው ነገር ለሰው ሽንኩርት ውሃ ሲያጠጣ የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆነ፥ እናንተም እንድትሰሙልን ወደድን።

ጥያቄ ያለው ከምሳ በኋላ ይጠይቀን።